ሁሉም ማርካ የሚይዝባት የከዚራዋ የጾም ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ስለ ምግቧ እጽፋለሁ። ጥሩ ነው፣ እንከንም አለው። እንድጽፍ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይቺ ቤት ገንዘብ የሌለውን ሰው ከከፈለው ጋር እኩል ታበላለች፤ ያውም ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደበላ አስተናጋጇ እንኳን በማታውቅበት መንገድ። በየበዓሉ ነዳያን ሲበሉ አይቻለሁ፣ ዘይትና ዱቄት ሲታደልም አይቻለሁ። የተቸገረን ሰው ፊት እንዲህ አድርጎ የጠበቀ አሠራር ግን አላጋጠመኝም።

ስሟን አልጽፍም። ባለቤቷ "ስም ካልጠራህ ጻፍ" ስላለችኝ ነው፣ ምክንያቷን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። ድሬ ያላችሁ ከዚራ ገብታችሁ "ያቺ የጾም ቤት የት ናት?" ብትሉ ባጃጆቹ ያውቋታል።

በምግቡ ልጀምር። ዋናው በያይነቱ ነው፤ እኔ በሄድኩበት ሰሞን 150 ብር ነበር፣ ሽሮ ደግሞ 120። ትሪው ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንችና ካሮት የገባበት ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ጥግ ላይ ትንሽ ሽሮና አንድ ቃሪያ ስንግ ይመጣል። ምስሩ ቁሌቱ በደንብ የበሰለ ነው፣ ሽንኩርቱ ጠፍቶ ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው። አሁን አሁን ለቁሌት ጊዜ የሚሰጥ ምግብ ቤት ጥቂት ነው፤ ብዙው ቤት በርበሬውን ዘይት ላይ በትኖ ይገላገላል። ክኩ ግን ለእኔ ይቀጥንብኛል። ሽሮው ደግሞ ቤቱ ሲሞላ ጨው ይበዛበታል፣ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ስላየሁት ነው የምለው። እንጀራውን ከውጭ ነው የሚያስመጡት፤ ጠዋት ለስላሳ ነው፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል።

ሱፍ ፍትፍቱን ግን ማንም ሳይቀምስ እንዳይወጣ። ለድሬ ሙቀት የተፈጠረ ምግብ ቢኖር እሱ ነው። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ይገባበትና ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። እንጀራው የሚፈተፈትበት ሲታዘዝ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቀድመው ፈትፍተው ስለሚያስቀምጡት ላሽቆ ነው የሚቀርበው። እዚህ እንጀራው ገና ቅርፁን እንደያዘ፣ ሱፉ ቀዝቅዞ፣ ቃሪያው አፍንጫ ውስጥ እየገባ ይመጣል። ከቀትር በኋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈርን ዞሮ፣ ፀሐይ አናቱን ያቃጠለችው ሰው አንድ ሳህን ሱፍ ፊቱ ሲቀርብ ምን እንደሚሰማው ለድሬ ሰው አላብራራም።

የሚጠጣው ውሃ የተጣራ ነው። የቧንቧችንን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያውን ነጭ አድርጎ ይለብጠዋል፤ ሻዩ ላይ ያ ጣዕም የለም። ጣሪያው ላይ ሁለት ቬንትሌተር አለ፣ አንዱ አይሠራም። ከተቻለ ከሚሠራው ሥር ተቀመጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እዚህ ቤት መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ይበላል። በሩን ስትገቡ በቀኝ በኩል ጠበብ ያለ ኮሪደር አለ፣ ካሸሯ እዚያ ናት። መመገቢያው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያያትም። ትከፍላላችሁ፣ ማርካ ትሰጣችኋለች። ማርካዋ ሳንቲም የምታህል ክብ ላስቲክ ናት፤ ቀይዋ የበያይነቱ፣ ሰማያዊዋ የሽሮ። ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማርካውን ለአስተናጋጇ ትሰጣላችሁ፣ ምግቡ ይመጣል። ያለ ማርካ የሚበላ የለም። የባንክ ሠራተኛውም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ኪሱ ባዶ የሆነውም ሰው እጁ ላይ ያለችው ያቺው ማርካ ናት።

ማካፈል የፈለገ ሰው ሲከፍል "አንድ ጨምሪ" ይላል። ካሸሯ ያቺን ማርካ ጠረጴዛዋ ሥር ወዳለ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ትጥላታለች። የሌለው ሰው ደግሞ እንደማንም ተራውን ጠብቆ ይደርስና "አለ?" ይላል። በቃ። ከኋላው የቆመው ሰው ሽሮ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ነው የሚመስለው፣ ሁሉም ሰው ሲገባ የሚጠይቀው ያንኑ ነውና። እሷም "አለ፣ በያይነቱ ነው ሽሮ?" ትላለች። ከጣሳው አንስታ ትሰጠዋለች። ልብ በሉ፣ ታስመርጠዋለች። ነፃ ለሚበላ ሰው ምርጫ የሚሰጥ ቤት ስንት አለ?

ተራዬን ስጠብቅ እጇን አይ ነበር። ብር ስትቀበል ግራ እጇ መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ ቀኟ ማርካ ያነሳል፣ መሳቢያው ኳ ብሎ ይዘጋል። ብር ሳትቀበልም ግራ እጇ መሳቢያው ውስጥ ይገባል፣ ቀኟ ማርካ ያነሳል፣ መሳቢያው ኳ ብሎ ይዘጋል። አጠገቧ ካልቆማችሁ በቀር ልዩነት የለውም። ማንም አስተምሯት አይደለም፣ በጊዜ ብዛት እጇ ለምዶት ነው።

አንድ ቀን ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ድሬ አንቱታ አታውቅም፣ እኔም "አባባ፣ እንዴት ነህ?" ብዬው ተቀመጥኩ። በያይነቱ መጣለት። ትንሽ በልቶ ጎመኑን ወደ ዳር ገፋው። ባለቤቷ በዚያ ስታልፍ አየችው፣ ሰው ሁሉ እማ ነው የሚላት።

"አባባ፣ ጎመኑን ምነው ተውከው?"

"አልበሰለማ! ጥሬ ነው አቦ!"

ጎንበስ ብላ ከትሪው ላይ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። "እውነትህን ነው" አለችውና ወደ ጓዳ ዞራ "ጎመኑን መልሱት፣ ለአባባ ሌላ ነገር ጨምሩለት" ብላ ተጣራች። ምስር ተጨመረለት። ሽማግሌውም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ኮስተር ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ያ ሰው ከፍሎ ይብላ ሳይከፍል አላውቅም። አስተናጋጇም አታውቅም። እማም ብትሆን የምታውቅ አይመስለኝም። ከፍሎ ከሆነ ለብሩ ተከራከረ። ሳይከፍል ከሆነ ደግሞ፣ ነፃ የሚበላ ሰው "ጎመኑ ጥሬ ነው" ብሎ የሚመልስበትን ቤት አየሁ ማለት ነው። እኔ በልመና ወይም በእርዳታ የሚበላ ሰው ምግቡን ሲተች ሰምቼ አላውቅም። ምን አፍ አለውና? የተሰጠውን አመስግኖ መብላት ነው ያለበት፣ ሰውም ያንን ነው የሚጠብቅበት።

ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ ላይ የሚገሥጸው ይሄንኑ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ሲገባ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ ትሉታላችሁ፣ ድሀውን ግን ወደዚያ ቁም፣ ወይም ከእግሬ በታች ተቀመጥ ትሉታላችሁ ይላል። ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በአንደኛው መልእክት 11ኛው ምዕራፍ ላይ ሲቆጣቸው ነገሩ ስለ ማዕድ ነበር። አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል፤ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ይሄን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን ሲሰበክ። ማሳፈር የምትለዋን ቃል ይዞ ሲያስተምር የሰማሁት ሰባኪ ግን ጥቂት ነው። ጳውሎስ በርሃቡ ብቻ አይደለም የተቆጣው፣ ድሀው በወንድሞቹ ፊት በማፈሩ ነው።

እኛ ደግሞ በማሳፈር ብርቱ ነን፣ ክፋት ኖሮብን ሳይሆን ሳናስበው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሲታደል ተገኝቼ ነበር። የማን ዝግጅት እንደሆነ ይቅር። እናቶች በሰልፍ ቆመው፣ እያንዳንዷ ዘይቷን ስትቀበል ከሰጪው ጋር ወደ ካሜራ ዞራ ፎቶ ትነሳለች። አንዷ እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ ስታደርግ አስተባባሪው "ግልጥ አድርጊው እማማ፣ አይታይም" አላት። ገለጠችው። ዘይቱ ያስፈልጋት ነበርና። ያ ዘይት አብስሏል፣ ልጆች በልተውበታል፣ አልክድም። ግን የዚያች ሴት ፊት ከዘይቱ ጋር አብሮ ተከፍሏል።

የዚህች ቤት ምግብ ቡሌም አይደለም። ቡሌ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሆቴልና ከትልልቅ ምግብ ቤት የተረፈው ምግብ ተሰብስቦ ለድሀ የሚሸጠው ወይም የሚሰጠው ነው። ብዙ ምግብ ቤት ማታ ሲዘጋ ትርፍራፊውን በፌስታል ቋጥሮ በር ላይ ለሚጠብቁት ይሰጣል። ከመጣል ይሻላል፣ ማንንም አልነቅፍም። ነገር ግን አምላካችን ስለ መስጠት ሲናገር ያለው በኩራትህን አምጣ ነው፣ ከተረፈህ አላለም። ሚልክያስ ላይ ዕውሩንና አንካሳውን በግ መሥዋዕት ለሚያደርጉት ሰዎች እስቲ ለአለቃህ አቅርበው፣ ደስ ይለዋልን ይላቸዋል። እማ ይሄን በተግባር ነው የያዘችው። ጠዋት ቤቱ ተከፍቶ አንድም ደንበኛ ሳይገባ፣ አምስት ማርካ ከመሳቢያ አውጥታ ጣሳው ውስጥ ትከታለች። እነዚህ የቤቱ ናቸው። በቀኑ ማንም ባይጨምር ቢያንስ አምስት ሰው ይበላል ማለት ነው። ሽያጭ ሳይታወቅ፣ ትርፍና ኪሳራው ሳይሰላ።

"ኪሳራ ቢሆንስ?" አልኳት።

"ኪሳራ የሆነበት ቀንማ አለ" አለችኝ። "አምስቱ ግን ከመሳቢያው ወጥተዋል፣ አይመለሱም።"

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣባትም ጠይቄያት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበትን ጎርፍ ድሬ ያለ ሰው አይረሳውም። ያኔ እናቷ የቤቱን ትልቅ ድስት ደጅ ጥዳ ቤታቸውን ውሃ ለወሰደባቸው ሰዎች ሽሮ ትሠራ ነበር አለች። የሰፈሩ ሰው ያለውን ያመጣል፤ አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ከሰል፣ አንዱ እንጀራ። ከሚበሉት መሃል ትናንት ከእነሱ የተሻለ ኑሮ የነበረው ሰውም ነበረ። "እናቴ ሰውየውን ቀና ብላ አላየችውም፣ አውቃ ነው። ሳህኑን ሰጥታው ወደ ድስቷ ዞረች" አለችኝ። እንግዲህ ኮሪደሩም፣ መሳቢያውም፣ "አለ?" የምትለዋም ከዚያ የመጡ ይመስለኛል። እሷ እንደዛ ብላ አልነገረችኝም፣ የእኔ ግምት ነው።

ሥጋ የማትሠራው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃታል። ጾመኛ ስለሆነች ብቻ ይመስላቸዋል። ድሬ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው፣ ሰርጉም ለቅሶውም አብሮ ነው። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ማዕዱ ይለያያል። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። "ሥጋ ካስገባሁ ግማሹ ሰፈር ከደጄ ይመለሳል። የራበው ሰው መጥቶ ይሄ የማን ሥጋ ነው ብሎ እንዲጠይቀኝ አልፈልግም" ነው መልሷ። ሽሮና ምስር ግን ማንንም አይለይም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ነጠላ ያጣፋች እናትና ሒጃብ የለበሰች እናት ከአንድ ጠረጴዛ ታያላችሁ፤ ሥራቸው አንድ ነው፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረችሩ ናቸው። ለክርስቲያን ብቻ የሚል ነገር የለም። ጌታችን ተርቤ አብልታችሁኛል ሲል የተራበውን ሃይማኖቱን ጠይቁት አላለምና።

"የሚችል ሰው እየመጣ በነፃ ቢበላስ?" የሚል ጥያቄ ደግሞ አለ። እኔም ጠይቄያታለሁ። እማ ትከሻዋን ነቅንቃ "እሱና እግዜር ይተዋወቃሉ" አለች። ይሄ የዋህነት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ሲሰብክ የተናገረውን አስታውሱ። መጽዋች ወደብ ነው አለ። ወደብ መርከቡ የተሰበረበትን ሁሉ ይቀበላል፣ ደግ ሰው ነህ ክፉ ብሎ አይመረምርም። እኛ ግን 10 ብር ለመስጠት ምርመራ ነው የምንጀምረው፤ ለምን አትሠራም፣ ጫት ልትገዛበት ነው፣ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው።

በነገራችን ላይ እዚህ ቤት ጨምሩ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ የለም፣ ሣጥን የለም፣ ጥቅስ እንኳን የለም። ያላወቀ ሰው ዓመት ሙሉ ሊበላ ይችላል ጣሳ መኖሩን ሳይሰማ። እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም የሚለው ቃል በትክክል የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ከሰው እየሰማ ነው የሚያውቀው። ውጭ አገር ያሉ የድሬ ልጆች እዚህ ላሉ ዘመዶቻቸው ይልኩና በቴሌብር ይከፈልላቸዋል።

ስሟ እንዳይጻፍ የፈለገችበት ምክንያት እነሆ። አንድ ነጋዴ የአንድ ወር ማርካ በሙሉ ልግዛ ብሎ መጣ። ደስ አላት። ቀጥሎ ግን በሩ ላይ የድርጅቱ ስም ያለበት ባነር ይሰቀል አለ። "ባነሩ ከተሰቀለ የሚገባው ሁሉ የአንተ ተመጽዋች ይሆናል፣ ከፍሎ የሚበላውም ጭምር" አለችው። ሰውየው ተቀየመና ሄደ። የወር ምግብ ነው የሄደው፣ ቀላል አይደለም። እኔ እሷን ብሆን ባነሩን በትንሹ ስቀለው ብዬ እደራደር ነበር ብዬ አሰብኩ። ቆይቶ ግን ትክክል እንደነበረች ገባኝ፤ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለሰጪው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ለተቀባዩም ፊት ነው። ሰጪው ካልታወቀ ተቀባዩም አይታወቅም። የቤቷ ስም በየቦታው "ለድሀ የምታበላው ቤት" ተብሎ ከተጻፈም ያው ነው፣ እዚያ በር ሲገባ የታየ ሰው ሁሉ ድሀ ነው ሊባል ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝን ልጻፍ። የዚህች ቤት ጣሳ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ነው፣ ጣሳውም ይሞላል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ሕዝብ ድሬን ሲያጥለቀልቃት፣ ቀኑ ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል መንገደኛው ሁሉ የጾም ምግብ ፈላጊ ነው። ያኔ ስለቱ የሰመረለት ሰው ገብቶ ማርካ በደርዘን ይገዛል። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። ፋሲካ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ክርስቲያኑ ደንበኛ ሥጋ ቤት ነው፣ ማንም አይፈርድበትም፣ 55 ቀን ጾሞ ነው። ግን ደንበኛው ሲጠፋ ማርካውም ይጠፋል። የራበው ሰው ደግሞ አይጠፋም። እነዚያን ሳምንታት ቤቱን የሚይዙት የመጋላ ሙስሊም ነጋዴዎችና ያ ጠዋት የሚገባው አምስት ማርካ ናቸው። በዚህ ዓመት ከበዓለ ሃምሳው መሃል አንዱን ቀን ሄጄ ካሸሯ "አለ?" ላላት ሰው "ትንሽ ቆይ" ስትለው ሰማሁ። ቆየ። ከእሱ በኋላ የመጣ ሰው አንድ ጨመረ፣ ለእሱ ተሰጠው። የቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እዚያ ኮሪደር ውስጥ ግን "ትንሽ ቆይ" የሚባለው የሌለው ሰው ብቻ ስለሆነ ያን ቀን ተለይቶ ታየ።

እናም ክርስቲያን ወገኖቼ፣ የምትጾሙበትን ወቅት ብቻ የምጽዋት ወቅት አታድርጉት። በጾም ያስቀረነውን ለተራበ መስጠት የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ይቀጥል። ክትፎ በበላችሁበት ሳምንት ግን በዚያ በኩል ስታልፉ ጎራ በሉና "ሁለት ጨምሪ" በሉ። መብላት የለባችሁም።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነገር ካሸሯ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አሠራሩ ሁሉ ያረፈው በአንዲት ሴት እጅ ላይ ነው። እሷ የታመመች ቀን ሌላ ልጅ ተተክታ ነበር፣ ገና ወጣት ናት። አንድ ተሸካሚ፣ ትከሻው ላይ ገና የከረጢት አቧራ ያለበት፣ ደርሶ "አለ?" አላት። "ምኑ?" አለችው። ዝም አለ። "በነፃ ነው?" አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰማን። ሰውየው "አይ፣ ሰው ፈልጌ ነው" ብሎ ወጣ። ከኋላው ተከትዬ ወጣሁ፣ ባጃጆቹ መሃል ገብቶ አጣሁት። ለእማ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፣ ልጅቷን ግን አልተቆጣቻትም። አስቀምጣ አስተማረቻት፣ መሳቢያውን እንዴት እንደምትዘጋ ጭምር። አሁን ሁለቱም ይችላሉ። ያ ሰው ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ግን የነገረኝ የለም።

አንድ ሌላ ተሸካሚ ግን ራሱ አዋርቶኛል። ታይዋን ገበያ ነው የሚሠራው፣ ጭነት የሌለ ቀን ምንም አያገኝም። ድሮ ቡሌ ይበላ እንደነበር ነገረኝ። "ቡሌ ሆድ ይሞላል፣ አልዋሽህም" አለ። "ግን እሱን ስትበላ ከሰው ጋር አታወራም። ጥግ ይዘህ ነው የምትበላው።" ይሄን ሲለኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ከእኔ ትሪ ላይ ያለውን የሚመስል በያይነቱ እየበላ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ መጨመር ከጎኑ ካለው ሹፌር ጋር እየተከራከረ ነበር። ጭነት ያገኘ ቀን እሱም አንድ ይጨምራል። እንደ ትልቅ ነገር አልነገረኝም፣ ከወሬው መሃል ነው ያለፈው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚከፈተው። ረቡዕና ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ወረፋ አለ፣ ከቻላችሁ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ሂዱ። ሱፍ ፍትፍት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያልቃል። ቴሌብር ይሠራል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ብር ያስፈልጋችኋል፣ ዝርዝር ያዙ። ያልሠራውን ቬንትሌተር ለማሠራት አንድ ደንበኛ ቃል ገብቷል ተብያለሁ። መጨመር ከፈለጋችሁ ለካሸሯ ቀስ ብላችሁ "አንድ ጨምሪ" በሏት፣ ፎቶ አታንሱ፣ ማን እንደሚበላውም አትጠይቋት፤ አትነግራችሁም።